አክስቴ አስቀድመው የሚታጠቡበት ሳሙና

በቅርቡ ያረፉት አክስቴ በይጁቤ ከተማ ገበያ ሳሙና ሲሸጡ በገዢዋ ፊት አስቀድመው የራሳቸውን ፊት ይታጠቡ ነበር። ከዚያ ውሃው ከአገጫቸው እየተንጠባጠበ፣ «አሁን ውሰጂ» ይላሉ። በጾም ወራት የፍየሎቻቸውን ወተት የሚጠጣ ስለማይኖር ሳሙና ይሠሩበት ነበር። እኔን ዩኒቨርሲቲ ያደረሰኝ ይኸው ገቢ ነው።

የልማዱን መነሻ አውቃለሁ። የኬሚስትሪ ተማሪ ሳለሁ ለዕረፍት መጥቼ፣ የእርሳቸውን አለካክ ንቄ፣ ሳሙናው ውስጥ የሚገባውን፣ ቆዳ የሚያቃጥለውን ኮስቲክ ሶዳ እኔ ለካሁ። አበዛሁት፤ ሳሙናው የገዢዎችን እጅ ላጠ። አክስቴ ብቻቸውን ገበያ ወርደው የተሸጠውን መልሰው ሰበሰቡ፤ እኔ ቤት ቀረሁ። ጥፋቱን በራሳቸው ላይ እንዳደረጉ ገምቼ ሳልጠይቅ ቀረሁ። የተማሪዎችን ስህተት በማረም የምተዳደር መምህርት ሆኜ የራሴን ለዓመታት ደበቅሁ።

ከአርባቸው በኋላ ገበያ ሄድኩ። ይቀመጡበት የነበረው ድንጋይ ባዶ ነበር። ከጎናቸው ሽንኩርት ይሸጡ ለነበሩት ሴት ተናዘዝኩ።

«ያን ጊዜ ሳሙናውን ያበላሸሁት እኔ ነበርኩ።»

ሴትዮዋ ሳቁ። «እሱንማ ያኔውኑ ነግራናለች! ‹ልጄ ናት፤ እየተማረች ነው፤ ማወቃችሁን እንዳትነግሯት› ብላ አስምላናለች። እኔ እቴ፣ እጄ ተልጦ እንኳ ዝም አልኩልሽ!»

ለካስ ምስጢሩን የደበቅሁት ከማንም አልነበረም። ቀለለኝ። ከአክስቴ እጅ ሥራ የቀረችውን አንዲት ሳሙና ከቦርሳዬ አወጣሁ። ሴትዮዋ ውሃ አፈሰሱልኝ፤ ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ ፊቴን ታጠብኩ።

«አሁን ይውሰዱ» አልኳቸው።