ሐማም ሲላላ

ዛሬ ጠዋት ሐርጌሳ፣ ጅግጅጋ ያር ሰፈር ባለው ቤታችን ቆርቆሮ ላይ ርግቦች ሲያንኳኩ ባለቤቴ ሂንዳ ከጓሮ ተጣራች፦ "ሐማሞችህ መጥተውልሃል! አንዋር ቢኖር ኖሮ እስካሁን መላ ይፈልግላቸው ነበር።" ሦስት ልጅ ድሬ፣ ጸጉሬ ሸብቶ፣ የአንዋር ስም ሲነሳ ዛሬም ሻዬ ይመረኛል።

ነገሩ የሆነው ሐርጌሳ ከፍርስራሿ ተነስታ ጣሪያዋን እንደገና በምትከድንበት ዘመን ነው። አንዋርና እኔ ዋሄን ገበያ፣ በሂንዳ እናት በሐጃ ሰዓዳ የሩዝ መጋዘን እንሠራ ነበር። ጣሪያው አዲስ ቢሆንም ከግድግዳው ጋር የሚገጥምበት አልተደፈነም፤ በፈረሱት ቤቶች የተራባው ርግብ ሁሉ ወደ እኛ ገባ። ኩሱ ጆንያው ላይ ይዘንባል፤ ገዢ አፍንጫውን ይዞ ይመለሳል። ርግብ መግደል ደግሞ ሐጃ ፊት አይነሳም፤ መካ ላይ እህል የበተኑላት ወፍ ናት።

እኔን ግን ከርግቡ ይልቅ ያንገበገበኝ አንዋር ነበር። ከኮምቦልቻ በመጣ በወሩ ሂንዳን ያስቃት ጀመር። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰላምታዋን ስጠብቅ የኖርኩት! ቅናት አንጀቴን በላው።

ሐጃ ኤደንም ድሬዳዋም ስለኖሩ አማርኛቸው ዐረብኛ ይበዛዋል። አንድ ቀን፣ "ከዙሁር ሶላት በፊት ሐማሙን ዝጉልኝ!" ብለው ወጡ።

"ሐማሙ የቱ ነው?" አለኝ አንዋር።

ሐማም በዐረብኛ ሲላላ ርግብ፣ ሲጠብቅ መታጠቢያ ቤት ነው። ሐጃ አላልተው ነበር ያሉት፤ የርግቡን መግቢያ ዝጉ ማለታቸው እንደሆነ ገብቶኛል። ጣቴን ወደ ጓሮው መታጠቢያ ቤት ቀሰርኩ።

ምስኪን በሩን በሳንቃ ቸነከረው። ሐጃ ለሶላት ውዱእ ሊያደርጉ ሲመጡ በሩ ታሽጎ ጠበቃቸው። "ያ አላህ! ማነው ይህን አድርግ ያለህ?" ብለው ሲጮኹ፣ እኔ የሚባረርበትን ቃል እጠብቃለሁ። አንዋር አየት አደረገኝና፣ "ጆሮዬ ነው ሐጃ፤ የላላውን አጠበቀብኝ" አለ። ሐጃ ሳቁ። ከሰዓት በኋላ አንዋር መሰላል ላይ ወጥቶ፣ ጫጩቶቹን በካርቶን አውርዶ፣ ክፍተቱን በወንፊት ሽቦ ደፈነው። መሰላሉን የያዘችለት ሂንዳ ነበረች። እኔ ኩስ እጠርግ ነበር።

ኋላ አንዋር ወደ በርበራ ሄደ፤ ሂንዳን እኔ አገባኋት። ያሸነፍኩ መስሎኝ ኖርኩ።

ዛሬ ግን ብሽቀቴ ገንፍሎ፣ "ያን በር ያስቸነከርኩት እኔ ነኝ!" አልኳት።

"አውቃለሁ" አለች። "ያኔውኑ ነግሮኛል። 'አትቀየሚው፤ ስለሚወድሽ ነው' አለኝ። እኔማ አንተን ልብ ብዬ ያየሁህ ከዚያ ወዲያ ነው።"

ለካ የዳረኝ እሱ ኖሯል! ሽቦ ይዤ መሰላሉ ላይ ወጣሁ፤ ሂንዳ ከሥር ያዘችልኝ። ለአንዋር ከያዘችለት ይበልጥ አጥብቃ ይዛው እንደሆነ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ቁልቁል አየሁ።