አልፎ መሄድ ያቃተው ሹፌር

ሹፌሩ ዕድሜውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ ስለኖረ፣ እጁን ያነሳ ሰው ባየ ቁጥር እግሩ ጭንቅላቱን ሳያማክር ፍሬን ይረግጥ ነበር። ጦርነቱ መጥቶ ከአውቶቡሱ አውርዶ የወታደር ካሚዮን ላይ ሲያስቀምጠው ልብሱ ተቀየረ እንጂ እግሩ አልተቀየረም። ያገኘውን ሁሉ ያሳፍራል፤ ከክፍሉ የጠፋ ወታደር፣ ፍየሏን የምትጎትት ባልቴት። አንድ ቀንማ ባልቴቷ ቀርታ ፍየሏ ብቻ ተሳፍራ ተገኘች። ጓደኞቹ «ፌርማታ» ብለው ስም አወጡለት።

ሻለቃው ግን ቀልድ አያውቁም። «ስማ፣ ይሄ የሕዝብ ማመላለሻ አይደለም! ከእንግዲህ ለአንድ ሰው ብትቆም ቁልፉን ተቀብዬ፣ ጠመንጃ አሸክሜ ምሽግ ነው የምከትህ!» አሉት።  ፌርማታ ምሽግ የገባ ሰው እንዴት እንደሚመለስ ያውቃል፤ ጭኖ የሚመልሳቸው እሱ ነዋ። ሚስቱና ልጆቹ ደግሞ የሚጠብቁት ተጭኖ ሳይሆን በእግሩ እንዲመጣላቸው ነው።

በማግስቱ ማለዳ ብርድ ልብስ ጭኖ ከሌሎች ካሚዮኖች ጋር ወደ ድልድዩ ካምፕ ተነሳ። ጉሙ የገዛ አፍንጫን አያሳይም። ብዙም ሳይሄድ ከፊትም ከኋላም የነበሩት ጠፉበት። በዚህ መሃል አንድ ሰው ከመንገዱ ዳር እጁን አነሳ። ፌርማታም «አልቆምም፣ ዛሬስ አልቆምም» እያለ ቆመ።

ሰውየው እያነከሰ ገባ። ካፖርቱ ጭቃ በጭቃ ስለሆነ የማን ወታደር እንደሆነ አይለይም። ፌርማታ ዳቦውን ገምሶ ሰጠውና «ጎንበስ በል፤ ሰው ካየህ ጉድ ፈላብኝ» አለው።

«ጋሼ፣ ወዴት ነዎት?» አለ ሰውየው እየጎረሰ።

«ወደ ድልድዩ ካምፕ።»

ሰውየው ማላመጡን ተወ። «የድልድዩን መታጠፊያማ ካለፉት ቆዩ። ይሄ የእናንተ ሳይሆን የእኛ ወገን ነው፤ ከኩርባው ወዲያ ኬላችን አለ።»

ፌርማታ ፍሬኑን ረገጠ። ብርድ ልብሱም ነፍሱም አሁን በዚህ ሰው እጅ ናቸው።

«ይሄው እግሬ ተልጦ ሳነክስ፣ የእኛዎቹ መኪኖች ጭቃ እየረጩብኝ ነው ያለፉት» አለ ሰውየው። «የቆሙልኝ እርስዎ ብቻ ነዎት። ያዙሩ፣ ጋሼ!»

መንገዱ ጠባብ ነው፤ በአንድ ወገን ገደል። ጠላት ተብዬው ወርዶ ከኋላ ቆመና የካሚዮኑን ጎን በመዳፉ እየመታ «ይምጡ፣ ይምጡ፣ ይምጡ… በቃ!» እያለ እንደ ደንበኛ ረዳት አስዞረው። ፌርማታ የአንገቱን ሻርፕ በመስኮት ወረወረለት። «እግርህን እሰርበት» አለው።

ካምፑ ሲደርስ ከእሱ በቀር የደረሰ አልነበረም። ሌሎቹ ጉሙ እስኪገለጥ ዳር ይዘው ቆመው ነበር። ሲመለሱም ሻለቃው በሰልፉ ፊት ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። «ጉም እንኳ ያላቆመው ጀግና! እንዲህ ያለ ልብ መሪ ይዞ መባከን የለበትም» አሉና ማዕረግ ሰጡት፣ ቁልፉን ተቀበሉት፣ የጦር መሪ አድርገው ወደ ምሽግ ላኩት። እውነቱ አፉ ድረስ መጥቶለት ነበር። ግን ቆሜያለሁ ብሎ ቢናዘዝስ? ቅጣቱም ያው ምሽግ ነው።

ጀግናው ምሽግ ውስጥ «ተኩስ!» በተባለ ቁጥር አፈሙዙን ወደ ሰማይ ያቀና ነበር። በመጨረሻም ጥይት አባካኝ ተብሎ ማዕረጉን ተገፈፈ። ቅር አላለውም። ከወዲያ ማዶ ካሉት ጭቃ ለባሾች አንዱ የእሱ ተሳፋሪ ነው፤ የትኛው እንደሆነ ግን ከሩቅ አይለይም።