አጎቴ የሚጠብቀው ግንብ

ልጅ እያለሁ ግንብ ያለው አጎት ነበረኝ። ቢያንስ እኔ እንዲያ ነበር የማምነው። የአባቴ ታላቅ ወንድም ጋሼ ደምሴ በወጣትነቱ ከአሰላ ወጥቶ መርከበኛ ሆነ፤ ብዙ ወደብ ከዞረ በኋላም ሜዲትራኒያን ባሕር ላይ ባለች አንዲት ትንሽ የግሪክ ደሴት ቀረ። ከዚያ በዓመት ሁለት ጊዜ ይጽፍልን ነበር። ከደብዳቤው ጋር ሁልጊዜ ፎቶ አይጠፋም። ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ የድንጋይ ግንብ ከኋላው፣ ወደቡና ባሕሩ ከግንቡ በታች፣ በእጁ ደግሞ ክንዴን የሚያህል ቁልፍ። “ግንቡ በእኔ እጅ ነው” ይላል ጽሑፉ።

ያኔ የምንኖረው አሜሪካ፣ ዱሉዝ በምትባል ከተማ፣ ባለ ሁለት መኝታ አፓርትመንት ውስጥ ነበር። እናቴ ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን ውስጥ፣ ትሠራ ስለነበር ትልልቅ ካርቶን ታመጣልኛለች፤ እኔም ሳሎኑን ሞልቼ የአጎቴን ግንብ እሠራ ነበር። የካርቶኑ ሽታ፣ የቴፑ ሽታ እስከ ዛሬ ትዝ ይለኛል። አንድ ቀን ፎቶውን ትምህርት ቤት ወስጄ ለክፍሉ አሳየሁ። አንዲት ልጅ “ውሸት ነው” ብትለኝ አልቅሼ ገባሁ። አባቴ እንባዬን ጠርጎ፣ “ወስጄ አሳይሻለሁ። ያን ጊዜ ሄደሽ ትነግሪያታለሽ” አለኝ።

አባቴ ራሱ፣ አሰላ ላለችው አያቴም ሆነ ለአጎቴ በስልክ እንደሚነግራቸው፣ ትልቅ ሆቴል ውስጥ ኃላፊ ነበር። እኔ ደግሞ ዳውንታውን ፓርኪንግ እንደሚሠራ አውቃለሁ። ደረቱ ላይ ስሙ የተጻፈበት ጃኬት ለብሶ ይወጣል፣ ማታ ጉንጩ በብርድ ቀልቶ ይገባል። ሁለቱ ነገሮች ግን ለእኔ አንድ ነበሩ። ሆቴሉ መኪና ማቆሚያ ይኖረዋል፣ አባቴም የዚያ አለቃ ነው ብዬ አስብ ነበር።

አሥራ አንድ ዓመት ሲሞላኝ፣ ትምህርት ቤት እንደተዘጋ ሄድን። እናቴ ፈቃድ ስላላገኘች የተጓዝነው እኔና አባቴ ብቻ ነን። ከአቴንስ ሌሊቱን በመርከብ ስንሄድ አድረን ማለዳ ደረስን። ወደቡ የናፍጣ፣ የዓሣና የእርጥብ ገመድ ሽታ አለው። ቤቶቹ ነጫጭ ናቸው፣ ተደራርበው ዳገቱን ይወጣሉ። ከሁሉም በላይ፣ ኮረብታው ጫፍ ላይ፣ ግንቡ ተቀምጧል። በፎቶ ካየሁት ይበልጥ ትልቅ ነበር።

አጎቴ በዚያ ሙቀት ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ክራባት አስሮ ይጠብቀን ነበር። ከአባቴ ጋር ተቃቅፈው ለረጅም ጊዜ አልተለያዩም። ከዚያ ወደ እኔ ጎንበስ አለ።

“ቤዛ አንቺ ነሽ?”

“አንተ ነህ አጎቴ?” አልኩት።

“አንቱ በይ” አለ አባቴ ተቆጥቶ።

“ተዋት፣ አንተ ስትለኝ ወጣት መሰልኩ” አለ አጎቴ። ሲስቅ አንድ የፊት ጥርሱ እንደሌለ አየሁ። ፎቶዎቹ ላይ አፉን ገጥሞ ነበር የሚነሣው።

ያረፍነው ግን ግንቡ ውስጥ አይደለም፤ ወደቡ አጠገብ ክፍል ተከራይቶልን ነበር። “ግንቡ እድሳት ላይ ነው፣ ነገ እንወጣለን” አለን። በማግስቱ ነፋስ ነው አለ። በሦስተኛው ቀን እንግዶች መጥተዋል አለ። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ፀጉሩ ርሶ፣ ሳሙና ሳሙና እየሸተተ ይመጣና ከተማዋን ያዞረናል። ዓሣ አጥማጆቹ፣ ባለ ሱቆቹ ሁሉ በስሙ ይጠሩታል። አባቴ በኩራት፣ “አየሽ? የታወቀ ሰው ነው” ይለኝ ነበር። እኔ ዓይኔ ከኮረብታው አይነሣም።

በአራተኛው ቀን አባቴ በማለዳ ቀሰቀሰኝ። “ነይ፣ ሳያስበው ሥራው ላይ እንድረስበት። ደስ ይለዋል።”

ደረጃው አያልቅም። ግራና ቀኙ ደረቅ ሣር ነው፣ በየድንጋዩ ስር ደግሞ ግራጫ ቁጥቋጦ። አባቴ ከአንዱ ቀንጥቦ በመዳፉ አሸና አሸተተው። “ጦስኝ” አለ። “የኛ ጦስኝ እኮ ነው።” እኔንም አስሸተተኝ። ጭላሎ ተራራ ላይ ከወንድሙ ጋር ከብት ፍለጋ ወጥተው እንዴት እንደጠፉ፣ ጋሼ ደምሴ እንዴት አዝሎት እንደወረደ ነገረኝ። ያን ያህል ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ማለዳ ደስ ብሎት አላየሁትም።

በሩ የብረት ነው፣ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ከበሩ በስተቀኝ አንዲት ወጣት ትኬት ለመሸጥ ትዘጋጃለች። ከበሩ በስተግራ ሽንት ቤቱ ነው። አጎቴ ከዚያ ወጣ። ሰማያዊ ቱታ ለብሷል፣ የጎማ ጓንት አጥልቋል፣ በአንድ እጁ ባልዲ፣ በሌላው መወልወያ ይዟል። ያ ትልቅ ቁልፍ ወገቡ ላይ በገመድ ታስሮ ይወዛወዛል።

ሲያየን ባልዲውን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠው። ልጅቷ በግሪክኛ አንድ ነገር ጠየቀችው፤ እሱም መለሰላት። ፈገግ ብላ ያለ ትኬት አስገባችን። አጎቴ ጓንቱን አወለቀ፣ ቧንቧው ጋ ሄዶ እጁን እስከ ክርኑ ታጠበ፣ ከዚያ ተመልሶ፣ “እንኳን መጣችሁ፣ ኑ ላሳያችሁ” አለ።

አሳየንም። ድሮ ከበባ ሲሆን ወታደሮቹ የሚጠጡት ውኃ የሚጠራቀምበት ጉድጓድ አፍ ላይ አቁሞ ስሜን እንድጣራ አደረገኝ። ስሜ ሦስት ጊዜ ተመልሶ መጣ። በትንሿ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በየማለዳው ዘይት የሚጨምርላትን መብራት አሳየን። አንዱ መድፍ የቱ ጋ እንደተሰነጠቀ፣ የቱ ግድግዳ በየትኛው ክረምት እንደተናደ ሁሉንም ያውቃል። ክፍሉ በሩ አጠገብ፣ ድሮ ዘበኞች የሚያድሩበት ነው። የብረት አልጋ፣ አንድ የጋዝ ምድጃ፣ ግድግዳው ላይ የአያቴና የእኔ ፎቶዎች። እኔ ብቻ አምስት ቦታ ላይ ነበርኩ፤ ጥርሴ ወልቆ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ትምህርት ቤት ስሄድ፣ በልደቴ ቀን።

“እዚህ ነው የምትኖረው?” አልኩት።

“እዚህ ነው። በሩን ከዘጋሁ በኋላ ከእኔ ሌላ ሰው የለም። ግንቡ በሙሉ የእኔ ነው።”

እኔ ደስ ብሎኛል። ያቺ ልጅ ውሸት ነው ያለችኝ እውነት ሆኖ ተገኝቷል። አባቴ ግን ክፍሉ ውስጥ አልገባም፤ ደጃፉ ላይ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል።

ጠቡ የፈነዳው ላይኛው ግድግዳ ላይ ከወጣን በኋላ ነው። ነፋሱ ልብሳችንን ይጎትታል። አባቴ ባሕሩን እያየ ጀመረ።

“እናታችን ደብዳቤህን ለጎረቤት ሁሉ ታስነብባለች። ሰፈሩ በሙሉ የቤተ መንግሥት ሹም ነህ ብሎ ነው የሚያምነው።”

“ሹም ነኝ ብዬ ጽፌ አላውቅም” አለ አጎቴ። “ቁልፉ በእጄ ነው አልኩ። ይኸው፣ በእጄ ነው።”

“ሽንት ቤት እየጠረግህ፣ ደምሴ?”

ጋሼ አላለውም። ልጅ ብሆንም፣ አማርኛዬ ስብርብር ያለ ቢሆንም፣ አንድ ነገር እንደጎደለ ጆሮዬ ሰማ። አጎቴም ሰማ፤ ዓይኑን ጨፍኖ ገለጠ።

“ዕድሜዬን ሙሉ እንደ ደምሴ ሁን ስባል ነው ያደግሁት” አለ አባቴ። “አገር ጥዬ የወጣሁት እንደ አንተ ለመሆን ነው። ይኼን ለመሆን ነው? ምናለ እውነቱን ብትነግረኝ? እኔ የሆንኩትን ነው የምናገረው፣ አልዋሸሁህም።”

“አንተማ እግዚአብሔር ረድቶሃል” አለ አጎቴ ቀስ ብሎ። “ትልቅ ሆቴል ይዘሃል። እኔ ደግሞ ይኼን ያዝኩ።”

እኔ ማስታረቅ ነበር የፈለግሁት። እውነት ነው የምለው፣ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። የአባቴን እጅ ይዤ፣ “አባዬ፣ ኢትስ ኦኬ” አልኩት። “አንተም እኮ ፓርኪንግ ነው የምትሠራው። የሰው መኪና ፓርክ ታደርጋለህ። አንተም ቁልፍ ትይዛለህ፣ እሱም ቁልፍ ይይዛል።”

አጎቴ አንድ ጊዜ አየውና ቶሎ ዓይኑን አነሣ፤ እንዳልሰማ ሰው ወደ እኔ ዞሮ፣ “ያችን ቀይ ጀልባ አየሻት? የዚያ ትናንት ዓሣ የሰጠን ሽማግሌ ናት” አለኝ። አባቴ እጁን አስለቀቀ። ወደ ኋላ ሳያይ ደረጃውን ወረደ።

አጎቴና እኔ መድፉ አጠገብ ተቀመጥን። ብረቱ በፀሐይ ግሏል፣ የዝገት ሽታ አለው።

“መጥፎ ነገር ተናገርኩ?” አልኩት።

“እናታችን ከአፍ የወጣ አፋፍ ትላለች” አለኝ። ከዚያ ፊቴን አይቶ መሰለኝ፣ “አንቺ ግን ልጅ ነሽ። አፋፉ ላይ የወጣነው እኛ ነን” አለ። በመዳፉ ራሴን ዳበሰኝ። መዳፉ የበረኪና ሽታ ነበረው።

ገና ሦስት ቀን እየቀረን፣ በማግስቱ ተሳፈርን። አጎቴ ክራባቱን አስሮ፣ ሻንጣችንን ተሸክሞ ሸኘን። ሁለቱ ወንድማማቾች እንደ ባዕድ ጉንጭ ለጉንጭ ተሳሳሙ። “በል ደህና ሁን” አለው አባቴ። መርከቡ ሲርቅ አጎቴ እዚያው ቆሞ እጁን አነሣ፤ እኔ ብቻ መለስኩለት።

ከዚያ በኋላ ደብዳቤው በዓመት አንድ ሆነ፣ ፎቶም ቀረ። አባቴ ያነበውና አጣጥፎ ኪሱ ይከተዋል። መልስ ሲጽፍ አላየሁም። ስለዚያ ቀን ለእናቴ ምን እንደነገራት አላውቅም፤ እኔን ግን አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ ቅዳሜ ማለዳ አፓርትመንታችን ፊት ለፊት መኪና ተደረደረ። የአባቴ ጓደኞች አንድ በአንድ ገቡ፣ ማንም ቀና ብሎ አያይም። አንደኛው ሽማግሌ፣ “በርታ፣ ወንድ ልጅ ነህ” ማለት ሲጀምሩ አባቴ ገባው። ምንጣፉ ላይ ተቀመጠና፣ “ጋሼ፣ ጋሼ” እያለ ጮኸ። እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ አጠገቡ ተቀመጠች። አጎቴ የሞተው ከሳምንት በፊት፣ በዚያችው ክፍል ውስጥ ነው። በማለዳ በሩ ሳይከፈት ሲቀር ሰብረው ገቡ አሉ።

አሰላም መርዶው ከተነገረ በኋላ አባቴ ለአያቴ ደወለ። እኔ ኮሪደሩ ላይ ቆሜያለሁ።

“ግንቡ ያን ቀን ተዘግቶ ዋለ አሉ፣ እማዬ” ይላታል። “ከተማው በሙሉ ወጥቶ ቀበረው። ሹማምንቱ ሳይቀሩ መጡ... እኔማ እንዴት ብዬ፣ ሆቴሉን ለማን ጥዬ?”

ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተጋጨን። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔም በዚህ ጉዳይ ዝም ማለት ለመድኩ።

አሁን አባቴ ሎረንስቪል፣ ከእኛ ጋር ይኖራል። አያቴ አርፋለች። እኔ ደንዉዲ ቢሮ እሠራለሁ። ስምንት ዓመት የሞላት ልጄ ቪዲዮ ከፍታ ስትደውልልኝ ጠረጴዛዬን፣ ወንበሬን፣ ከኋላዬ የሚያልፈውን ሰው ሁሉ ታያለች። በእኛ ጊዜ ሰው ከራሱ ፎቶዎች የሚወዳትን አንዷን መርጦ ይልክ ነበር፤ የቀረውን ደግሞ እኛ እየሞላን እናድግ ነበር። በኋላ ካወቅሁት እውነት ይልቅ ያን ባዶ የሞላሁበት ደስታ ነው የሚናፍቀኝ፤ እሱን መልሼ የማገኝበት መንገድ የለም።

ባለፈው መኸር አባቴን ዳውንታውን ሐኪም ቤት ስወስደው ልጄ ከኋላ ተቀምጣ ነበር። ለትምህርት ቤት የምትሠራው ነገር ነበራትና፣ “ማሚ፣ አያቴ ምንድን ነበር የሚሠራው?” ብላ ጠየቀችኝ። አፌ ላይ የመጣልኝን ተናገርኩ።

“ትልቅ ሆቴል ውስጥ ኃላፊ ነበር።”

አባቴ በመስኮት እያየ ነበር።

“ፓርኪንግ ነበር የምሠራው፣ የኔ ልጅ” አላት። “አሥራ ሰባት ዓመት። እዚህ ጋ።”

የጠቆመው ባለ መስታወት ፎቅ ነው። በየሳምንቱ በስሩ አልፋለሁ፤ አላውቅም ነበር።

“ታሳየኛለህ?” አለችው ልጄ።

“የለም፣ ፈርሷል” አላት። “ፎቁን ሠሩበት።”

መብራቱ አረንጓዴ ሆነና ነዳሁ። ሁለት መንገድ ካለፍን በኋላ፣ ለማናችንም ሳይሆን ለራሱ እንደሚናገር ሰው፣ “ጋሼ ደምሴ ግን አሳየን” አለ።