ማቱሳላ ሳይወለድ

የልጅ ልጆቼ ንገሪን ብለው ያዙኝ። ነገሩን ያመጣችው ታላቋ ናት። ሕግ ትማራለች፤ ለዕረፍት ሶዶ ስትመጣ፣ ለፓርቲ ገንዘብ የሚሰጥ ሰው ስሙ ይታወቅ ወይስ ይደበቅ እያለች ከወንድሟ ጋር ክርክር ገጠመች። «ይታወቅ፤ አለዚያ ሀብታሙ ተደብቆ ይገዛዋል» ትላለች። «ድሃው ሲታወቅበትስ ማን ያስጥለዋል?» ይላታል። እኔም ሳላስበው «እኔኮ አንድ ጊዜ ገብቼበታለሁ» አልኩ። ከዚያ ማን ይልቀቀኝ። ፊደል አልቆጠርኩም፤ እኔ ሳወራ እሷ ጻፈችው።

ያኔ ከቦዲቲ ወጣ ብሎ ባለ መንደር አዲስ ሙሽራ ነበርኩ። ባሌ አንጁሎ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ዘበኛ ነበር። ወሩ ግንቦት ነው። ቀዩ ጭቃ እግር ይዞ አይለቅም፤ ጎደሬ በሚሉት በቦይናው ቅጠል ላይ ውሃው እንደ ዶቃ ይንከባለላል። ያን ጊዜ ጭቃውን እረግም ነበር፤ ዛሬ አስፋልቱ ላይ ስሄድ ይናፍቀኛል፤ ሰው ምን ያህል ሞኝ ነው።

የምርጫ ሰሞን ነበርና መምህር ጌታሁን በግሉ ሊወዳደር ተነሣ። ምንጫችንን ያስከለለልን እሱ ነው፤ ከዚያ በፊት ከከብት ጋር እየተጋፋን ነበር የምንቀዳው። ወረቀት ማሳተሚያ ግን አልነበረውም። እኛ ሴቶች ደግሞ ውጆ ነበረን፤ ቅቤ እያዋጣን በየተራ አንዷ የምትወስድበት ማኅበር ነው። በዚያ ሳምንት ተራው የኔ ነበር። ሌሎቹም ከየቤታቸው ጨመሩ፤ እኔም ከደረሰኝ ቆርሼ በእንሰት ቅጠል ጠቀለልኩና ሁላችንም ወደ መምህሩ ግቢ ሄድን።

እሱ መዝገብ ዘርግቶ ጠበቀን። «የሰጠ ሰው ስም ተጽፎ ለምርጫ ቢሮ ይሄዳል» አለ።

«የማርታ እናት በል» አለች ታላቃችን።

«ሙሉ ስምሽን ነው የምፈልገው።»

«ሙሉው ይኸው ነው። ባሌም ሌላ አያውቅልኝም።»

እውነቷን ነው። በኛ ዘንድ የወለደች ሴት በልጇ ነው የምትጠራው፤ የገዛ ስሟን መጥራት እንደ ንቀት ነው። መምህሩ ቢለምን ቢለምን እንቢ አሉት፤ በየልጆቻቸው ስም ጻፋቸው። ተራው እኔ ጋ ደረሰ። እኔ ልጅ የለኝ። ስሜ ብቻውን ሊቆም ነው። ያኔ የመንግሥት ዘበኛ ሚስት የመንግሥትን ሰው ለሚወዳደር ሰጠች ከተባለ፣ ዘበኛው በማግስቱ ሌላ ሥራ ይፈልጋል።

«የማቱሳላ እናት በለኝ» አልኩት። ቸርች የሰማሁት ስም ነው። በመንደሩ የሌለውን የመረጥኩት ሌላዋ በኔ ጦስ እንዳትጠየቅ ብዬ ነው።

«ማቱሳላ የታለ?»

«መንገድ ላይ ነው።»

የማርታ እናት ከኋላዬ፣ «በዘጠኝ መቶ ዓመቱ ይደርሳል፤ ጻፍ እንጂ መምህር» አለች። ሴቶቹ ሳቁ።

እሱ አልሳቀም። «ሐሰት አልጽፍም። ሲወለድ ይህንኑ ስም ይሰጠዋል?»

«ይሰጠዋል» አልኩ። ጻፈ።

ከሳምንት በኋላ አንጁሎ ማታ ቦይና በዳጣ እየበላ፣ «የመምህሩ መዝገብ ቢሮ ደርሷል አሉ። እናት ብቻ ነው የሞላበት» አለኝ። «የማቱሳላ እናት የምትባል ማን ናት?»

የዳጣው በርበሬ ይሁን ፍርሃቱ እንጃ፣ ዓይኔ እንባ ሞላ። «ከወንዙ ማዶ ትሆናለች» አልኩ።

«ልጇ ስንት ዓመቱ ይሆን?»

«እኔ ምን አውቄ።»

«ምስኪን» ብሎ ሌላ ቦይና አነሣ።

መምህሩ አላሸነፈም፤ ወደ ጠመኔው ተመለሰ። በዓመቱ ወንድ ልጅ ወለድኩ። ስሙን ባወጣ መዝገቡን ያየ ሁሉ ይለየኛል፤ ባላወጣ ቃሌን በላሁ። አፌን ዘግቼ ተኛሁ። የስም ማውጫው ቀን አንጁሎ ሕፃኑን ታቅፎ፣ «ማቱሳላ ይባል፤ ዕድሜ ይስጠው» አለ። እኔ ትንፍሽ ሳልል! የእግዚአብሔር እጅ ነው ብዬ ዓመታት ለሰው ሁሉ ስመሰክር ኖርኩ። ከቢሮውም የጠየቀን የለም፤ ማቱሳላም ይኸው የነዚህ ልጆች አባት ሆነ።

ለልጅቱ ያልኳት ይህን ነው፦ ምንጭ ገዝቶ ሊያጥር የሚሰጠውን ሰው ሕጉ በሙሉ ስሙ ይጥራው። ጭብጥ ቅቤ የሰጠችውን ግን የእናትነት ስሟ ይብቃት። እሷ ይህን እንዴት እንደሚጽፉት ታስብበት፤ ለዚያ አይደል የምትማረው።

አንጁሎ ያረፈ ጊዜ መምህር ጌታሁን ሸብቶ ለቅሶ መጣ። ቅቤውን በሰጠሁ ማግስት አንጁሎ እሱ ቤት መጥቶ እንደነበር ያን ዕለት ነገረኝ። ከውጆዬ መጉደሉን አይቶ፣ ሚስቴን ከመዝገቡ አውጣልኝ ሊል ነበር የሄደው። ዝርዝሩን እያነበበ ወርዶ የማቱሳላ እናት ላይ ቆመ፤ «ይቺ የኔ ናት» ብሎ ሳቀ። «አትሰርዛት፤ ልጁን እናመጣለን» አለው። ስሙን ሲያወጣ ደግሞ ገና እዚያው መሥሪያ ቤት ዘበኛ ነበር።