ጨው ነጋዴው የጎባ መልእክተኛ

ስለ ኃይለመስቀል ለመጻፍ ከእኔ የሚሻል ሰው ጎባ ውስጥ ሳይኖር አይቀርም። ታሪኩን የሚያውቁት ሽማግሎች ግን አንድ በአንድ እያለፉ ነው፤ ስለዚህ ከቤተሰቡ የሰማሁትን እንደ ሰማሁት ላስቀምጠው። ነገሩ ሲሆን ገና ጎልማሳ ስለነበር «አንቱ» ሳልል ነው የምጽፈው። ቅር የሚለው ዘመድ ቢኖር ይቅር ይበለኝ።

የተወለደው መንዝ ነው። ባሌ የገባው ጥቂት አጋሰስ ጨው ጭኖ፣ ከዘመተው ሠራዊት ኋላ ኋላ እየተከተለ ነበር። ያኔ ጎባ በአጥር የተከበበች የወታደር ሰፈር ናት። አገሩ በጉልበት ተይዟል። ባላገሩ ሰፋሪውን በጎሪጥ ያያል፤ ሰፋሪውም ጦሩን ከራስጌው ሳያርቅ ይተኛል። ኃይለመስቀል አሞሌውን ዘርግቶ ተቀመጠ። ሰነቴ የሚባለውን ብርዳማ ደጋ አቋርጠው ከሪራ ጫካ ማር ለሚያመጡት ኦሮሞዎች ጨው እየሸጠ ቋንቋቸውን እዚያው ገበያ ላይ ተማረ። መጀመሪያ መከራከር ቻለ፤ መቀለድ የቻለው በኋላ ነው። ሚስቱ እኅተማርያም፣ «በኦሮምኛ ስትናገር ደግ ሰው ትመስላለህ» ትለው ነበር ይባላል።

በጥቂት ዓመት ውስጥ በረቱ ሞላ። ከዚያ አንድ የገበያ ቀን አንድ ወታደር ከሪራ ከመጣ ወጣት ጋር በማር ዋጋ ተጣላና ወጣቱን ገደለው። የሰፈሩ አለቃ ፊታውራሪ ተክለማርያም ገዳዩን በሰንሰለት አሰሩት፤ በእሳቸው ቤት ነገሩ አበቃ። በሚቀጥለው ገበያ ግን ከሪራ አንድም ሰው አልመጣም። ቀስ በቀስ የቅርብ መንደር ሰዎችም ቀሩ። ሰፈሩ ውስጥ ቅቤ ጠፋ፣ እህል ተወደደ፤ ወታደሩ ስለ ዝርፊያ ይንሾካሾክ ጀመር።

ፊታውራሪ ኃይለመስቀልን አስጠሩት። «እስከ ፋሲካ ገበያ ካልወጡ ሪራን ዘምቼ አቃጥላለሁ። ወዳጆች አሉህ ይባላል። ሂድና ንገራቸው።»

ወዳጁ ጅሎ የሚባል የሪራ ሽማግሌ ነበር። ኃይለመስቀል በቅሎውን ጭኖ ሰነቴን ተሻገረና ደጁ ላይ ተቀመጠ።

«ኦቦ ጅሎ፣ የልጁን ጉማ እኔ እከፍላለሁ። ከብቱን ሁሉ ከራሴ በረት አመጣለሁ።» ጉማ የደም ካሳ ነው።

ጅሎ ሳቀበት። «ኃይሌ፣ ልጃችንን አንተ ገደልከው?»

«አልገደልኩም።»

«ታዲያ በከብትህ ምን ልትገዛ ነው? ጉማ ከአንድ ሰው በረት አይወጣም። የገዳዩ ጎሳ ከየቤቱ ያዋጣል፤ ሀብታሙም ድሃውም። ያዋጣ ሰው ነው ነገ የራሱን ልጅ የሚቆጣው።»

«የእኛ ሰው እኮ ጎሳ የለውም። አንዱ መንዝ፣ አንዱ ቡልጋ፣ አንዱ ጎጃም ነው።»

«እንግዲያው ጎባ ጎሳችሁ ትሁና። አንድ ቤት እንዳይቀር።»

ነጋዴው በዚህ ዓይነት የጎባ መዋጮ ሰብሳቢ ሆነ። ጎጆ ለጎጆ ሲዞር ወታደሮቹ «ጨው ሻጩ ቀራጭ ሆነ» እያሉ ተዘባበቱበት። ብዙነህ የሚባል ጠመንጃ ያዥ፣ «ለገደልነው ሁሉ ልንከፍል ነው? ተው፣ ሌሎቹን አትቀስቅስብን» አለው።

«ስለ ሌሎቹ ሲጠይቁህ ትመልሳለህ። አሁን የተጠየቅከው ስለ አንዱ ነው» አለው ኃይለመስቀል። ብዙነህ እያጉረመረመ ፍየል ፈታለት። ከብት የሌለው ገብስ ሰፈረ፤ ኃይለመስቀልም ገብሱን በጥጃ ለወጠው። ይህ እንኳ የለመደው ሥራ ነው።

ፊታውራሪ ግን፣ «እኔ ገዥ ነኝ። ገዥ ካሳ አይከፍልም» አሉ።

«እሺ ጌታዬ። ‹አለቃው የጎባ ሰው አይደለም ወይ?› ሲሉኝ ምን ብዬ ልመልስ?»

ፊታውራሪ ጢማቸውን እየነካኩ ወደ አሽከሮቻቸው ዞሩ። «ቀይቱን ጊደር ንዱለት። ይህ ሰው እዚህ ከቆየ በቅሎዬንም ይወስዳታል።»

የቀረችው ወለተኢየሱስ ነበረች፤ ባሏ በዘመቻው የሞተባት ሴት። «ባለቤቴን በጦር የወጉት እነሱ ናቸው። የእሱን ጉማ ማን ከፈለኝ?» አለችው።

ኃይለመስቀል መልሶ ጠየቃት። «ይህን ሄጄ ልንገርልዎት?»

«ድፍረቱ ካለህ ንገር። እኔ ግን የዶሮ ላባ አልሰጥህም።»

ብዙነህ፣ «በእሷ ስም አንድ በግ ጨምር፤ ማን ያውቃል?» ብሎ መከረው። ፋሲካ ደርሷል። ኃይለመስቀል ግን በግ ሳይጨምር ከብቱን እንዳለ እየነዳ ሄደ።

ሪራ ላይ ሽማግሎቹ ዛፍ ሥር ተሰብስበው ጠበቁት። ጅሎ ከብቱን ካየ በኋላ፣ «ያልሰጠ ቤት አለ?» አለ።

«አለ» አለ ኃይለመስቀል፤ ሴትየዋ ያለችውንም ቃል ሳይቀንስ ነገራቸው።

የሟቹ አባት ተነሣ። «አገራችንን ሊወጋ ለመጣ ሰው ጉማ?»

«የጠየቀችው ሚስቱ ናት። እሷ ጦር አልያዘችም» አለ ኃይለመስቀል።

ሽማግሎቹ ለብቻቸው ገለል አሉ። ሲመለሱ ጅሎ ተናገረ። «የጦርነት ሞት ጉማ የለውም። ለሴትየዋ ግን ከየቤታችን አዋጥተን የምትታለብ ላም ሰጥተናል። ከተቀበለች ገበያ እንወጣለን። ከመለሰች ከብታችሁን መልሰህ ንዳ።»

ኃይለመስቀል ላሚቱን በሰነቴ ብርድ እየነዳ ጎባ ገባ። ሰፈሩ ሁሉ ተከትሎት ወለተኢየሱስ ደጅ ቆመ። እሷም ላሚቱን ዞራ ዞራ አየቻት።

«ማነው የሰጠኝ?»

«ሪራ ነው። ከየቤቱ አዋጥተው።»

«የልጁ አባትም?»

«እሱም።»

ወለተኢየሱስ ገመዱን ከኃይለመስቀል እጅ ወስዳ ላሚቱን ወደ ጓሮዋ አስገባቻት። «የእኔን መዋጮ ለአንተ አልሰጥም፤ ነጋዴ ነህ። ራሴ አደርሳለሁ» አለች ከውስጥ።

በገበያው ቀን የሪራ ሰዎች ማራቸውን ጭነው ከሰነቴ ሲወርዱ ወለተኢየሱስ አንድ በግ ይዛ ከበሩ ውጭ ቆማ ነበር። የሟቹን አባት ጠይቃ ለየችና በጉን በእጁ ሰጠችው። ሰውዬው ተቀበላት። ያን ቀን ገበያው እስኪመሽ አልተፈታም፤ ኃይለመስቀል ግን አስተርጉም እያሉ ከወዲያ ወዲህ ሲጠሩት አንድ አሞሌ ሳይሸጥ ዋለ።

ፊታውራሪ ካባ ሊያለብሱት ጠሩት። እሱ ግን ከካባው ይልቅ ወታደር መሣሪያ ይዞ ገበያ እንዳይገባ ትእዛዝ ለመነ። ተፈቀደለት፤ ካባውንም ጨመሩለት። ከዚያ ወዲህ በአጋርፋም በገሰራም ደም ሲፈስ መልእክተኛው እሱ ሆነ። ጨው መነገዱን አልተወም፤ የትም ሲደርስ ግን ከመንዝ ነህ ወይ ሲሉት፣ «የጎባ ሰው ነኝ» ይል ነበር።