ዓመቱን ሙሉ የሚጾም መጥበሻ

ዛሬ ጠዋት ልጄ ትምህርት ቤት ከመሄዷ በፊት ለራሷ ሳንዱች ስትጠብስ፣ የተነጠረው ቅቤ የጋለው ብረት ላይ ቀልጦ የኮሰረቱና የበሶብላው ሽታ ከጓዳ እስከ ደጅ ሲደርስ፣ የማጥበውን ሰሃን እንደያዝሁ ቆሜ ቀረሁ። እሷ ግድም የላት፤ ቅቤውን በማንኪያ ዝቃ ዳቦው ላይ ትለቀልቅና ክዳኑን በክርኗ ተጭና ሲንጣጣ ትስቃለች። እኔ ባደግሁበት ቤት ግን በዚህ ዓይነቱ መጥበሻ ላይ ቅቤ ማሳረፍ ኃጢአት ነበር። ለእኔ ደግሞ ከኃጢአትም የባሰ ነገር ሆነብኝ።

እንጅባራ የመጣሁት አራተኛ ክፍልን ጨርሼ፣ ከአዘና ወዲያ ባለችው መንደራችን ከዚያ በላይ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ስላልነበረ ነው። የአባቴ ታላቅ እህት እትዬ የሺ ለበዓል መጥታ፣ ልጅቱን ስጠኝና ላስተምርልህ አለችው፤ አባቴም እጇን ስሞ ሰጣት። ይህች “ላስተምርልህ” የምትባል ነገር በእኛ አገር ሆዷ ሰፊ ነው፤ ውሃ መቅዳቱም፣ ግቢ መጥረጉም፣ የሰው ልብስ ማጠቡም እዚያው ውስጥ ነው፤ ትምህርቱ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ ከተረፈ ጊዜ ላይ ነው። አክስቴ አገውኛዋን ከመንደሩ ጋር ጥላ የመጣች ሴት ነበረች፤ አባቴ በአገውኛ ሲጠይቃት በአማርኛ ነበር የምትመልስለት። ያኔ በአፌ እርስዎ እላት ነበር፤ ዛሬ ግን አንቱታው ከብዕሬ አልወጣ አለኝ።

መጥበሻውን ነጋዴው ባሏ ከባሕር ዳር ይዞት መጣ፤ ሁለት መንጋጋ ያለው፣ ሲዘጉት ዳቦውን ነክሶ በሦስት ማዕዘን የሚከፍል፣ ቀይ መብራቱ ወደ አረንጓዴ ሲለወጥ መድረሱን የሚናገር ጥቁር ዕቃ። ጎረቤቱ ሁሉ ሊያየው መጣ። ችግሩ የተገለጠው ሁዳዴ ሊገባ ሲል ነው። መቼም ጾም ሲገባ ቅቤና ሥጋ የነካው ዕቃ ሁሉ በአመድ ተፈትጎ ይታጠባል፤ ያለዚያ የጾም ምግብ አይሠራበትም። ይህ ግን የኤሌክትሪክ ነገር ነውና ውሃ ከነካው አለቀለት፤ በጨርቅ ቢወለውሉትም ከጥርሶቹ መሃል የገባው ቅቤ አይወጣም። እትዬ የሺ የቤቱን ጨርቅ ሁሉ ከጨረሰችበት በኋላ ከንስሐ አባቷ ከመምሬ ካሳ ጋር መክራ መላ አገኘች፤ ከእንግዲህ በጾምም በፍስክም በዘይት ብቻ ሊሠራ፣ ቅቤ የሚባል ላይነካው። መምሬም ሊባርኩት ጸበል አንስተው ኖሮ፣ ይነዝራል ሲሏቸው እጃቸውን መልሰው በጸሎት ብቻ አለፉት። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት ከሁላችን አብልጦ የሚጾም እሱ ሆነ፤ የፋሲካ ለታ ዶሮ ስንበላ እንኳ እሱ ድንቹ ላይ ነበር።

የምጠብሰው እኔ ነበርሁ። ድንቹን ቀቅዬ ከነትኩሱ ልጬ በጣቴ አደቀዋለሁ፤ ቀይ ሽንኩርት፣ ቃሪያና ጨው ጣል አደርግበታለሁ፤ ፉርኖ ዳቦውን ስስ አድርጌ ቆርጬ፣ ለሁለት የከፈልሁትን ሽንኩርት ዘይት ውስጥ እየነከርሁ ብረቱን አብሳለሁ። ክዳኑ ሲጫነው ድንቹ በጎን ይወጣና ጠርዙ ላይ ቡኒ ሆኖ ይደርቃል። ያ የደረቀው ጠርዝ ለእንግዳ አይቀርብም፤ ተቆርጦ የእኔ ድርሻ ይሆናል። እውነቱን ለመናገር ከመሃሉ ይልቅ ጠርዙ ይጣፍጥ ነበር፤ ይህን ግን ለማንም አልተነፈስሁም፤ ብተነፍስ ይወሰድብኝ ነበር። አረንጓዴው እስኪበራ ድረስ ደብተሬን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ አነብባለሁ፤ ብዙ የእንግሊዝኛ ቃል የያዝሁት እዚያ መጥበሻ ጎን ቁጭ ብዬ ነው።

የእትዬ የሺ ልጅ ማህሌት እኩያዬ ናት፤ አንድ ክፍል ነበር የምንማረው። ክፉ ልጅ አልነበረችም፤ የምትፈልገውን ሁሉ ያገኘች ልጅ ነበረች። ስምንተኛ ክፍል ደረስንና የሚኒስትሪ ፈተና ቀረበ። ማህሌት ብትወድቅ ባሕር ዳር የግል ትምህርት ቤት ይጠብቃት ነበር። እኔ ካለፍሁ ሁለተኛ ደረጃ እገባለሁ፤ ካላለፍሁ ወደ መንደሬ ተመልሼ እዳራለሁ። ይህን ማንም አልነገረኝም፤ ከእኔ በፊት ከተማ ወጥተው የተመለሱትን የመንደራችንን ልጆች አይቼ አውቀው ነበር።

በዚያ ዓመት ሁዳዴ አንድ እሑድ፣ እትዬ የሺ ቅዳሴ ሄዳ እኔ ለመምሬ ካሳ ምሳ ድንች ስልጥ፣ ማህሌት ጾሙ አንገፈገፈኝ እያለች ጓዳ ገባች። ለፋሲካ የተቀመጠውን ቅቤ ከማሰሮው ዝቃ፣ እንቁላል ሰብራ፣ በዳቦ አድርጋ መጥበሻው ውስጥ ከተተችው። ተይ ብላት ማን ያየናል አለችኝ። ያ ጾመኛ ዕቃ ቅቤ ሲያገኝ ጮኸ፤ የቅመሙ ሽታ ቤቱን ሞላው፤ እኔም ስንት ሳምንት የጾምሁ ልጅ ነኝና ምራቄን ዋጥሁ። እሷ ቆማ፣ ምላሷን እያቃጠላት በላች። ብረቱን በጨርቅ ወልውላ፣ መስኮቱን ከፍታ፣ የመጨረሻውን ጉርሻ ሳትውጥ የግቢው በር ተንኳኳ።

መምሬ ካሳ ከቅዳሴ ከተመለሰችው አክስቴ ጋር ገብተው ተቀመጡ፤ እጃቸውን ታጠቡ። አክስቴ ቶሎ ጠብሺላቸው አለችኝ። ዝም ብዬ ብጠብስ ኖሮ ማንም አያውቅም ነበር፤ ይህን እያሰብሁ ስንት ዓመት እንደተናደድሁ እኔ ነኝ የማውቀው። ያኔ ግን ካህን በሁዳዴ ባስገድፍ መሬት ተከፍታ የምትውጠኝ መሰለኝ።

“እትዬ፣ በእሱ አይሆንም፤ ቅቤ ነክቶታል” አልኋት።

ቀስ ብዬ ነበር ያልሁት፤ መምሬ ጆሮ ግን ገባ። ማን ነካው ብለው ጠየቁ። አክስቴ ዞር ብላ ልጇን አየቻት። የማህሌት ከንፈር በቅቤ ያብለጨልጭ ነበር። አክስቴ ተጠጋቻት፤ ጀርባዋን ለመምሬ ሰጥታ፣ በነጠላዋ ጫፍ የልጇን ከንፈር ቀስ አድርጋ ጠረገችላት። እኔ ከጓዳው በር ላይ ቆሜ አየሁ፤ እንዳየሁም አውቃለች። ከዚያ ወደ እሳቸው ዞራ በአገጯ እኔን ጠቆመች።

“እናኑ ናት፤ የገጠር ልጅ፣ ጾም የት ታውቅና” አለች።

መንደራችን ሁዳዴ ሲገባ ወተቱ ለጥጃ ነው የሚተወው፤ እናቴ ድስቱን ፈትጋ ፈትጋ ጥፍሯ ይላጥ ነበር። ይህን ሁሉ ልናገር አፌን ከፈትሁ፤ ግን የሰው ቤት እየበሉ የቤቱን ልጅ በካህን ፊት መክሰስ እንዴት ይጀመራል? መምሬ ካሳ ልጅ ናት፣ ትስገድና ይቅር ብለው ደረቅ ዳቦ በሻይ በልተው ሄዱ። እኔም ጓዳ ገብቼ ላልበላሁት ቅቤ ሰገድሁ። ነገሩ እዚያ ላይ ያበቃ መስሎኝ ነበር። አክስቴ ግን ውሻ እንኳ በበላበት ይጮሃል፣ አንቺ በካህን ፊት ቤቴን አዋረድሽው አለችና፣ መጥተህ ልጅህን ውሰድ ብላ ለአባቴ ላከችበት።

አባቴ በገበያ ቀን ሚኒባስ፣ አንድ ጆንያ ድንች ለእጅ መንሻ ይዞ መጣ። ቆቡን አውልቆ፣ ቆሞ ሰማት። ፈተናው እስኪያልፍ እንኳ ታገሻት ይላል ብዬ አፍ አፉን አየሁት። እሱ ግን እግሯ ላይ ሊወድቅ ጎንበስ አለ፤ እሷም እንደ ወጉ ሳይደርስ ትከሻውን ይዛ አነሣችው። ይቅር ብያለሁ፣ ግን ማህሌትም ተፈታኝ ናትና ቤቴ ውስጥ ሁከት አልፈልግም አለች።

መናኸሪያ እስክንደርስ ጓዜን ተሸክሞ ከፊቴ ይሄድ ነበር። ሸንኮራ ገዝቶ ሰጠኝ። ሸንኮራውን ይዤ፣ አባዬ እኔ አይደለሁም አልሁት። በአገውኛ ነበር ያልሁት፤ እሱም ድምፁን ዝቅ አድርጎ በአገውኛ መለሰልኝ።

“አውቃለሁ፣ ልጄ። እውነቱን ብናገር ግን ደጇ ይዘጋብናል። ጌትነት ለመስከረም የሚገባበት ቤት ያስፈልገዋል።”

ጌትነት ታናሽ ወንድሜ ነው። አባቴ ይህን ሲለኝ ቁጣም ኀዘንም አልነበረበትም፤ ስለ በሬ ሽያጭ የሚያወራ ሰው ነበር የሚመስለው።

ማህሌት ለፈተና የተቀመጠች ቀን እኔ ድንች ማሳ ውስጥ ነበርሁ። ስለ እኔ ለከርሞ ትፈተናለች ተባለ፤ በከርሞው ባል መጣ። ባሌ ደግ ሰው ነው፤ ኋላም እንጅባራ ገባን፣ ቤት ያዝን፣ ልጄም ቅቤዋን ሳትሰቀቅ ትበላለች። ጌትነት ደግሞ መስከረም ላይ እትዬ የሺ ቤት ገባ፤ ወንድ ነውና ጠብስ ያለው የለም፤ ተማረ፣ አለፈ፣ ዩኒቨርሲቲ ደረሰ። አባቴ አልተሳሳተም፤ የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው። ቢሳሳት ኖሮ ተጣልቼው፣ ከዚያም ታርቄው ይወጣልኝ ነበር። እኔ ግን ያጣሁትን ባነሣ የወንድሜን እንጀራ የምመኝ ክፉ እህት እሆናለሁና፣ ይህን ያህል ዓመት ዝም ብያለሁ።

ጌትነት የተመረቀ ቀን ሁላችንም ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ተሰባሰብን። ጋዋኑን ለብሶ መሃል ቆመ፤ እትዬ የሺ ያሳደገችው እሷ ናትና በቀኙ፣ አባቴ በግራው፣ ማህሌት አበባ ይዛ ከፊት። ጌትነት እናኑ ነይ ግቢ እንጂ ብሎ እጁን ዘረጋልኝ። አባቴ ግን ስልኩን አቀበለኝና፣ አንቺ አንሺን፣ እጅሽ የረጋ ነው አለኝ። ራቅ ብዬ አነሣኋቸው፤ እውነትም እጄ አልተንቀጠቀጠም። ስልኩን ሳመጣው እትዬ የሺ ተቀብላኝ፣ ዓይኗን አጥብባ ፎቶውን አየችና ለአባቴ አሳየችው።

“ተመስገን፣ ሁላችንም አለንበት” አለች።

አባቴም ጎንበስ ብሎ አየና፣ “አዎ፣ ሁላችንም አለን” አለ።