የሠርጋችን ፎልደር አልከፈት ያለ ዕለት

የስደት ታሪኩን የሚያወራ ሁሉ «በሌሊት ወጣሁ» ብሎ ይጀምራል። እኔም በሌሊት ልወጣ ነበር ያሰብኩት። መኪናው ተበላሸ ተባለና ስንጠብቅ ነጋ፣ ስንጠብቅ ረፈደ፤ በመጨረሻ ከደብረ ታቦር የወጣሁት በቅዳሜ ገበያ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ግማሹ ከተማ እያየኝ ነው። «አበጀ፣ ወዴት ነው?» ለሚለኝ ሁሉ «እዚሁ ባሕር ዳር ደርሼ ልመጣ» እያልኩ ስዋሽ፣ ባለቤቴ ጥሩዓለም አጠገቤ ቆማ መሬት መሬት ታያለች። ከተጋባን ገና አምስት ወራችን ነበር። መኪናው ሲነሳ ተጠግታ «ካፖርትህን የትም አውልቀህ እንዳትረሳው» አለችኝ። ሌላ ነገር ልትለኝ ፈልጋ እንደነበር የገባኝ ወረታ ከደረስኩ በኋላ ነው። እኔም ሌላ ነገር ልላት ይገባኝ ነበር።

ከመተማ ወዲያ ያለውን በረሃና ባሕሩን ከእኔ የተሻሉ ብዙዎች ነግረዋችኋል፤ እኔ ማውራት አልወድም። ያለፍኩት በእግዚአብሔር ቸርነት ነው፣ አለቀ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ ሌላ መንገድ ነው። አሥራ አራት ደረጃ ብቻ ያለው፣ ጀርመን አገር ከምኖርበት ምድር ቤት ወደ አከራዬ ሳሎን የሚያወጣ፣ አንድ እሁድ ሙሉ ስወጣና ስወርድ የዋልኩበት መንገድ። እዚያ ላይ የተቃጠልኩትን ያህል በረሃው ላይ አልተቃጠልኩም ብዬ ብነግራችሁ ሳቁብኝ።

አከራዬ ሄር ዲተር ይባላሉ። «ሄር» ማለት አቶ ማለት ነው። እነሱ አቶ የሚሉት በአባት ስም ነው አሉ፤ እኔ ግን እንደ አገሬ በራሳቸው ስም ጠራኋቸው፣ እሳቸውም ሁለት ቀን ተቆጥተው ሦስተኛው ቀን «ሄር አበጀ» ብለው መለሱልኝ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሽማግሌ ናቸው፣ እኔን አንቱ ይሉኛል። ይኼ አንቱታቸው ከብርዱ ይልቅ ያንዘፈዝፈኛል። እኛ ዘንድ በእሳቸው ዕድሜ ያለ ሰው «አንተ ልጅ፣ ና እስቲ» ሲለኝ ቤቴ እንደገባሁ ያህል ይሰማኝ ነበር። ድንቹስ እንዴት ነው ትሉኝ እንደሆነ፣ ድንችማ ሞልቷል፤ ታጥቦ በመረብ ከረጢት ይሸጣል። ግን እንደ እኛው አገር የገሳይ ድንች ሲቀቀል ፈንድቶ አይስቅላችሁም፤ እንደ ሳሙና ይሙለጨለጫል። የጉና ብርድ እንኳ ከዚህኛው ይሻላል፣ እሳት ዳር ስትቀመጡ ይተዋችኋላ።

ወደ ነገሬ ልግባ። የመኖሪያ ፈቃዴን እንዳገኘሁ ጥሩዓለምን ለማምጣት አመለከትኩ። የውጭ ዜጎች ቢሮ ላለችው ሴትዮ የሰማንያ ወረቀታችንን አስተርጉሜ ሰጠኋት፣ ሁለት የሠርግ ፎቶም ጨመርኩ። ፎቶውን አንስታ ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ይህች ሴት ታለቅሳለች።»

«አዎ፣ ሙሽራዋ ናት።»

«ተገዳ ነው?»

«ኧረ በፍጹም! ከአባቷ ቤት ስትወጣ ነው። በእኛ አገር ሙሽራ ካላለቀሰች ትታማለች።»

«እርስዎስ? እርስዎም አይስቁም።»

«የሳቀ ሙሽራም ይታማል።»

ጻፈች። ከዚያ ቀና ብላ «ታዲያ በዚህ ሠርግ የሳቀ ሰው ነበር?» አለችኝ።

«ሚዜዎቹ ሲስቁ ነው የዋሉት። እነሱ ፎቶው ላይ የሉም እንጂ።»

ሁለት ፎቶ አይበቃም ተባለ። ከሁለቱም ቤተሰብ ጋር የተነሳነው፣ ሽማግሌዎቹ፣ ድግሱ፣ ሁሉም ታትሞ ሰኞ ጠዋት ይምጣ፤ ካልመጣ ፋይሉ ይዘጋል፣ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀመራል። «ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ» ይባል ነበር እኛ ዘንድ። እዚህ ግን ሙሽራዋ ታዝላም ያላመነችው ጸሐፊዋ ናት።

እንደገና መጀመር ደግሞ አልችልም ነበር። ጥሩዓለም እናቴ ቤት ነው ያለችው። አባቷ ከገሳይ ድረስ መጥተው እናቴን «እስከ ፋሲካ እጠብቃለሁ። ሁዳዴው እስኪፈታ የሚወስዳት ቀን ካልታወቀ ልጄን ወደ ቤቴ እመልሳለሁ፤ ባል አላት አይባል፣ የላትም አይባል፣ እንዲህ ስትንጠለጠል አላይም» ብለዋታል። በእሳቸው አልፈርድም። እኔም ሴት ልጅ ብትኖረኝ ይህንኑ እል ነበር። ግን ወደ ቤት መመለስ ምን ማለት እንደሆነ አገሩ ያውቃል። ለሌላ ሰው መዳር ማለት ነው።

የሠርጋችን ፎቶ ሁሉ ኮምፒውተሬ ውስጥ አለ። አንድ ሰው ሲዲውን ይዞልኝ መጥቶ ገልብጬዋለሁ፣ ሲዲው በኋላ ተሰነጠቀ። ኮምፒውተሩ አሮጌ ነው፣ ሰዎች ሲጥሉት ያነሳሁት፤ ኢንተርኔት እንኳ እሺ ብሎ አይከፍትም፣ እርጅና ነው ብዬ ትቼዋለሁ። ማተሚያ ያላቸው ሄር ዲተር ናቸው። ቅዳሜ እስከ ማታ መጋዘን ካርቶን ስጭን ስለዋልኩ የቀረችኝ እሁድ ብቻ ነበረች፤ እሁድ ደግሞ ይህ አገር ሱቁን ሁሉ ይቆልፋል። እውነቱን ልናገር ካልኩ፣ የአምስት ደቂቃ ሥራ ናት ብዬም ንቄያታለሁ። ደብረ ታቦር የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት አራት ዓመት ማመልከቻ ስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኛ! በከተማው ሁሉ ኮምፒውተር ሲበላሽ «አበጀን ጥሩት» ሲባልለት የነበረ ሰው።

«ፎቶዬን በፍላሽ ላምጣልዎት?» አልኳቸው ጠዋት።

«የሰው ፍላሽ ኮምፒውተሬ ውስጥ አይገባም። ቫይረስ።»

«እንግዲያስ ሁለቱም ኮምፒውተር በአንድ መስመር ነው ያለው፤ ፎልደሩን ሼር አደርገዋለሁ፣ እርስዎ ከላይ ይክፈቱት።»

ይሄ ደስ አላቸው። «ኦርድኑንግ» አሉ፤ ሥርዓት ማለታቸው ነው።

ወርጄ «ሠርግ» የሚለውን ፎልደር ሼር አደረግሁ፣ ወጣሁ። የኮምፒውተሬ ስም እሳቸው ማያ ላይ ቁልጭ ብሎ ታየ። ነካ ሲያደርጉት የይለፍ ቃል ጠየቀ። የይለፍ ቃል የለኝም፣ ባዶውን እለፉት አልኳቸው። «ጹግሪፍ ፈርቫይገርት» አለ። መግባት ተከልክሏል። «ፈርቫይገርት» የምትለዋን ቃል ገበያ ሄጄ ዳቦ መግዛት ከመቻሌ በፊት ነው ያወቅኋት፤ ስንት ደብዳቤ ላይ መጥታልኛለች። አሁን ደግሞ ከገዛ ኮምፒውተሬ መጣችልኝ።

ሄር ዲተር ዘወር ብለው አዩኝ። «የይለፍ ቃል የሌለው ኮምፒውተር አለዎት?»

«ከማን ልደብቀው? ለብቻዬ ነው የምኖረው።»

ወረድኩ፣ የይለፍ ቃል አበጀሁ፣ ወጣሁ። ተሳስተዋል አለ። ትልቅ ፊደል ይሆን ብዬ ወረድኩ፣ ቀየርኩ፣ ወጣሁ። ተሳስተዋል። የኔትወርኩ ዓይነት «የሕዝብ ቦታ» ተብሎ ኖሯል፣ «ቤት» አልኩት። ወጣሁ፤ ተሳስተዋል። ፎልደሩን ማንም ይግባበት ብዬ ፈቀድኩ። ማንም ይግባ ስለው እንኳ እኛን አላስገባም! ፋየርዎሉን ላጥፋው ስል ሽማግሌው የቤታቸውን በር ገንጥዬ የምወስድ ይመስል ቀለማቸው ተለወጠ፤ ለምኜ አጠፋሁት፣ ያው ነው። ገመዱን ቀየርኩ። ሁለቱንም አጥፍቼ አበራሁ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። ፎቶዎቹ ታች ቤት አሉ፣ እኔ እያየኋቸው፤ ላይ ቤት ግን የሉም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሄር ዲተር ተነሱ። «ሄር አበጀ፣ እሁድ የፀጥታ ቀን ነው። ደረጃው በጣም ይጮኻል። ሞርገን።» ሞርገን ማለት ነገ ማለት ነው።

ነገ! እዚያው ሳሎናቸው ውስጥ በአማርኛ ጮህኩባቸው። «ነገ ምን አለኝ? ነገ ጠዋት ሚስቴን ነው የሚዘጉብኝ፣ አንቱ ስለ ደረጃ ያወራሉ!» አልኩ። ትልቅ ሰው ፊት ድምፄን ከፍ ያደረግሁት በሕይወቴ የመጀመሪያው ነው፤ እናቴ ብትሰማ ታፍርብኝ ነበር። አንድም ቃል አልገባቸውም። ግን እንባዬ ሲመጣ አዩ። መነጽራቸውን አንስተው፣ ያን ሁሉ ጊዜ ስኖር ወርደው የማያውቁትን ደረጃ ወረዱ።

ኮምፒውተሬ ፊት ተቀመጡ። ምንም አልነኩም፣ ብቻ ማያውን ከጥግ እስከ ጥግ እንደ ውል ወረቀት አነበቡት። ከዚያ በታች በኩል ጥጉ ላይ ጣታቸውን አኖሩ።

«ኮምፒውተርዎ ለምን ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ቀረ?»

«ወደ ኋላ አልቀረም። ይሄ የእኛ ቀን ነው፤ ኅዳር ነው።»

«ማርች ይላል።»

«ሦስተኛ ወር ማለት እኮ ኅዳር ነው! ሰዓቱም የእኛ ነው፤ ሲነጋ አንድ ሰዓት ይላል።»

ምን ላድርግ፣ ደብረ ታቦር ጽሕፈት ቤታችን ውስጥ ኮምፒውተር ሁሉ የሚሞላው እንዲህ ነበር፤ የማመልከቻው ቀን ራሱ ትክክል ሆኖ እንዲወጣ። ለኮምፒውተሩ ሁለተኛ ወር ፌብሩዋሪ ነውና ጥቅምት ሃያ ስምንት ሲያልቅ ዘሎ ኅዳር ይገባብናል፣ በእጅ እንመልሰዋለን። ጳጉሜንን ጨርሶ አያውቃትም። ቢሆንም እዚያ ኮምፒውተሮቹ ሁሉ እኩል ስለተሳሳቱ ፎልደር ሲካፈሉ ተጣልተው አያውቁም። እኔም እዚህ ስመጣ ሳላስበው እንደዚያው ሞላሁት፤ በኋላ ደግሞ ማየቱ ደስ አለኝ። ዛሬ ሚካኤል ነው፣ እናቴ ቤተ ክርስቲያን ናት፤ አሁን አሥራ አንድ ሰዓት ነው፣ ጥሩዓለም እህል አስፈጭታ ተመልሳለች እላለሁ። ሌላ ምን አለኝና?

ሄር ዲተር ጨርሼ እስክናገር ሰሙኝ። «ማን ትክክል እንደሆነ አላውቅም» አሉ። «ግን አንዱ ማሽን ሌላውን ከማመኑ በፊት ሰዓት ያስተያያል። ልዩነቱ ከበዛ የይለፍ ቃሉ ልክ ቢሆንም ሌባ ነህ ይለዋል። ኢንተርኔቱም የማይከፍትልዎ በዚሁ ነው።»

አራት ዓመት የኮምፒውተር ሠራተኛ! በንዴት ራሴን በጥፊ ብመታው ደስ ባለኝ። ግን እጄን ሰዓቱ ላይ ሳደርስ፣ አፈርኩ ልንገራችሁ፣ መቀየሩ ከበደኝ። ሽማግሌው ወደ ግድግዳው ዞረው ጠበቁኝ። በጀርመን ቀንና ሰዓት ሞላሁት።

ሽማግሌው ቀድመውኝ ወጥተው ሲነኩት ፎልደሩ ወዲያው ተከፈተ። ደረጃውን ስወጣ ፎቶዎቹ እሳቸው ማያ ላይ ተደርድረው አገኘኋቸው፤ ዳሱ፣ ሽማግሌዎቹ፣ የጥሩዓለም አባት ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ሲያስተካክሉ፣ እሷ በወንድሟ ጀርባ ታዝላ። አልቻልኩም፣ አለቀስኩ። ሄር ዲተር ማተሚያው ላይ ወረቀት እየጨመሩ «ለምን አይስቁም?» አሉኝ፣ እሳቸውም።

ሰኞ ጠዋት ሴትዮዋ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አየች። ሚዜዎቹ የሚስቁበት ላይ ስትደርስ ፈገግ አለች፣ ማኅተም መታች። «መልሱ እስከ አፕሪል መጨረሻ ይደርስዎታል» አለችኝ።

ከቢሮው ወጥቼ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ቆሜ ለጥሩዓለም ደወልኩ።

«ተቀበሉኝ» አልኳት።

«እልልል! እማማ ኧረ ይስሙ፣ ተቀበሉት! መልሱስ መቼ ነው የሚመጣ?»

«እስከ አፕሪል መጨረሻ ብለዋል።»

«አፕሪል ደግሞ ምንድን ነው?»

«ወር ነዋ።»

«እሱማ ወር ነው» አለች። «በእኛ መቼ ነው? ሁዳዴው ሳይፈታ ነው፣ ከተፈታ ወዲያ? ለአባቴ ምን ልበላቸው?»

ጣቴን ማጠፍ ጀመርኩ። መጋቢት ነው፣ ሚያዝያም አለበት። ዘንድሮ ፋሲካ በስንት እንደሚውል ካህኑ የሚናገሩት በአዲስ ዓመት ነው፤ እኔ ያን ቀን መጋዘን ነበርኩ።

«ቆዪ፣ ልቁጠር» አልኳት።

«ቁጠር» አለችኝ። ስልኩን ሳትዘጋ ጠበቀችኝ።